ሳይመረመር ስለቀረው ማህፀኔ

ለሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ቀን፦ መጋቢት 9

ጉዳዩ፦ ማህፀኔ የወጣው ግድ ሆኖ ነበር ወይስ አልነበረም ለሚለው ጥያቄዬ መልስ እንዲሰጠኝ ስለመለመን

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት አንድ የሚያሳፍር ነገር ልንገርዎ። ባለፈው ሳምንት ቢሮዎ መጥቼ ነበር። ጸሐፊዎ ደግ ሴት ናት፤ ድምፅዋ ግን ከኮሪደሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማል። «ጉዳይሽ ምንድን ነው እህቴ?» አለችኝ። ወንበሩ ሁሉ በሰው ሞልቷል። ከዘራ የያዙ አባት አሉ፤ እጁን በፋሻ ያንጠለጠለ ጎረምሳ አለ፤ ሁሉም ቀና ብለው ያዩኛል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ስለ ማህፀኔ ልጠይቅ ነው» ልበል? «መጋረጃ ልለካ ነው የመጣሁት» አልኳት። እሷ ደግሞ «እሰይ! ከጠየቅን ስንት ጊዜያችን!» ብላ እጄን ይዛ አስገባችኝ። እርስዎ አልነበሩም። ሜትር የለኝ፣ ምን የለኝ፤ መስኮትዎን በስንዝር ለክቼ፣ «መልካም መስኮት ነው» ብዬ፣ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። መጋረጃ ሲጠብቁ ከነበረ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ጉዳዬን በአፌ እንደማልወጣው የገባኝ ያን ቀን ነውና ይህን ማመልከቻ በጽሑፍ ማቅረብ ግድ ሆኖብኛል።

1. አመልካች ፀጉር ሠሪ ነኝ። ፀጉር ቤቴ ከሆስፒታሉ በስተጀርባ፣ ከመድኃኒት መደብሩ አጠገብ ነው። ሁለት ወንበር፣ አንድ ማድረቂያ ካስክና አንድ ትልቅ መስታወት አለኝ። ከነርሶችዎ ብዙዎቹ ደንበኞቼ ናቸው፤ ስለዚህ ስለ ሆስፒታሉ እርስዎ የማይሰሙትን ሁሉ እሰማለሁ። አይስጉ፣ ክፉውን ብቻ አይደለም። የማህፀን ሐኪሙን ለምሳሌ «ፈጣኑ» ነው የሚሉት። እጁ ቀልጣፋ ስለሆነ በፍቅር ነው የሚሉት፤ እኔም ስሙን ሰምቼ፣ አምኜበት ነው የሄድኩት።

2. የሄድኩበት ምክንያት የወር አበባዬ አንዴ ከመጣ አልሄድ እያለ ስላስቸገረኝ ነው። ቆሞ መሥራት አቃተኝ፤ የሰው ፀጉር በአንድ እጄ ይዤ በሌላው ግድግዳ መደገፍ ጀመርኩ። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ አይቶ እጢ እንደሆነ፣ ክፉው በሽታ እንደማይመስለው፣ ማህፀኑ ቢወጣ ግን እንደምገላገል ነገረኝ። «ሌላ መንገድ የለውም ወይ ዶክተር?» አልኩ። «አለው፣ እጢውን ብቻ ማውጣት ይቻላል፤ ግን ተመልሶ ሊበቅል ይችላል። ደግሞስ በዚህ ዕድሜሽ ምን ያደርግልሻል?» አለኝ፤ ፈገግ ብሎ ነው፣ በክፋት አይደለም። እውነቱን ልናገርና፣ «አለው» ያለውን ጆሮዬ አልሰማውም። የሰማሁት «ይበቅላል» የሚለውን ብቻ ነው። ፈረምኩ። ማንም እጄን ጠምዝዞ አላስፈረመኝም።

3. ባል ያገባሁት ዘግይቼ ነው፤ ልጅ የለኝም። ይህን ሐኪሙ አልጠየቀኝም፣ እኔም ሳልነግረው ወጣሁ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ቤት ከሚያድርበት መንገድ ላይ የሚያድርበት ይበዛል። ከፊት መስታወቱ ላይ ያንጠለጠላት አንዲት ትንሽ የሕፃን ጫማ ነበረችው፤ ከተጋባን በኋላ ራሱ ገዝቶ የሰቀላት። ከሆስፒታል ወጥቼ መጀመሪያ መኪናው ውስጥ የገባሁ ቀን ጫማዋ አልነበረችም። የት አደረስካት አላልኩትም፤ እሱም አላነሳው። ስልክ ሲደውል «ዋናው ጤናሽ ነው የኔ እመቤት» ይለኛል። ልክ ነው። ከዚያ ስለ መንገዱና ስለ ጎማው እናወራለን።

4. ደሙ ቆሟል። ይህን መካድ አይገባኝምና እዚህ ላይ አመሰግናለሁ። ሥራዬንም ቀጥዬ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን የቆየች ደንበኛዬ መጣች፤ አስተማሪ ናት፣ እኛ ቤት «ሳቂታዋ» ነው የምንላት። ስትቀመጥ ሆዷ ቀድሟት ነው። እንኳን ደስ አለሽ ብዬ ፀጉሯን ስፈታ፣ «ምን ደስታ ትያለሽ፣ ተአምር ነው እንጂ! እጢ አለብሽ ብለውኝ አልነበር? ትልቅ ብርቱካን የሚያህል! ለቅመው እሱን ብቻ አወጡልኝና ይኸውልሽ!» ብላ ሆዷን መታ መታ አደረገችው። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ እኔም ጋ የነበረው ትልቅ ብርቱካን ነው የተባለው። ማበጠሪያው በእጄ ቀረ። «ምነው? እየጎተትሽኝ ነው እኮ!» እስክትለኝ ድረስ የት እንደነበርኩ አላውቅም።

5. በማግስቱ ሐኪሙን ኮሪደር ላይ አግኝቼ የኔም እንደሷ ሊሆን ይችል እንደነበር ጠየቅሁት። «የተቆረጠ ፀጉር መልሰሽ ትቀጥያለሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ያጽናናኝ መስሎት ነው። ግን እኮ እቀጥላለሁ! የምተዳደረው ፀጉር በመቀጠል ነው! ይህ መልስ የመጣልኝ ግን ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነበር፤ እዚያው የሚመጣለት ሰው ዕድለኛ ነው። እየሄደ ዞር ብሎ «ለማንኛውም የላቦራቶሪውን ውጤት አምጪና እንየው፤ ምን እንደነበረ እሱ ነው የሚናገረው» አለኝ።

የምን ውጤት? የወጣው ማህፀን እንደሚመረመር እንኳ ያን ቀን ነው የሰማሁት። የእናንተ ላቦራቶሪ እንዲህ ያለውን ስለማይሠራ፣ በዕቃ ተደርጎ ለአስታማሚ እንደሚሰጥና ከከተማው ማዶ ወዳለው ትልቅ ላቦራቶሪ አስታማሚው ራሱ እንደሚያደርሰው ነርሶችዎ ነገሩኝ። ወደዚያ ሄድኩ። በእኔ ስም የመጣ ነገር የለም አሉ። አስታማሚዬ ታላቅ እህቴ ነበረች።

6. እህቴን እትዬ ነው የምላት። እናታችን ካረፈች ወዲህ ያሳደገችኝ፣ ፀጉሬን እየጎነጎነች ይህን ሙያ ሳታስበው ያስተማረችኝ እሷ ናት። መጀመሪያ «አድርሻለሁ፣ የጠፋው እነሱ ጋ ነው» ብላ ተቆጣች።  ቀጥሎ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እውነቱን አወጣችው።

ማህፀኔ የወጣ ቀን ነርሷ፣ የሥራ መለዋወጫ ሰዓት ሆኖባት ነው መሰለኝ፣ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ በጥቁር ፌስታል አድርጋ ከአድራሻ ጋር ሰጠቻት፤ «ይኼን ላቦራቶሪ አድርሺ እናት» ብቻ አለቻት። እትዬ ታክሲ ተሳፈረች። ጭኗ ላይ አቅፋው ሳለ ረዳቱ «እናት፣ ዕቃውን ከወንበር ሥር ያድርጉት፣ ሰው ይቀመጥ» አላት። «የእህቴን ገላ ከሰው ጫማ ጋር?» አለችኝ። «ወረድኩ። የሕክምና ተማሪ እየተቀባበለ ሊማርበት ነው ብዬ ነው። ላንቺ ጥቅም መሆኑን ማን ነገረኝ? አንቺስ ብትሆኚ የኔን ጥለሽ ትሄጃለሽ?» ወደ ቤቷ ይዛው ተመለሰች። በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ግቢዋ ውስጥ ከግንቡ ሥር፣ የልብስ ማስጫው ገመድ ከሚያልፍበት በታች ቀበረችው። የልጅ ልጆቿን እዚያ ኳስ እንዳይጫወቱ የምትከለክልበትን ምክንያት ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቅሁት ያኔ ነው። ስታባርራቸው ሳይ ሁሌ «ምን አጠፉ እነዚህ ልጆች?» እላት ነበር።

ስቅስቅ ብዬ ሳለቅስ ብታየኝ ዶማ ይዛ ወጣች። «አወጣልሻለሁ፣ አሁኑኑ አወጣልሻለሁ» ትላለች። ሮጬ እጇን ያዝኩ። ዶማውን እሷም አትለቅ፣ እኔም አልለቅ፤ እንደዚያ ሆነን ከግንቡ ሥር ቆምን። አፈር ሆኗል እኮ እትዬ፣ አልኳት። ከዚያ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ካንገቷ ሥር ሳልስማት የሄድኩት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው።

ፍሬ ነገሩ ይኸው ነው። ከዚህ በታች ያለው ለአቤቱታ ይመጥን አይመጥን አላውቅም፤ ግን ለማን ልንገረው?

የሴቶች ፀጉር ቤት ወሬው ምን እንደሆነ ባለቤትዎን ይጠይቋት። ስለ ማርገዝ፣ ስለ ማማጥ፣ ጡት አልይዝ ስላለ ልጅ፣ ስለ አማት ነው። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ሆዱን የሚያራግፈው እኔ መስታወት ፊት ነበር። አሁን ነገሩ ተሰምቷል። እኔ ማበጠሪያ ይዤ ጠጋ ስል ወሬው ወደ ዝናብና ወደ ኑሮ ውድነት ይዞራል። ነፍሰ ጡሮቹ ደግሞ ረዳቴ ወዳለችበት ወንበር ይሄዳሉ፤ «አንቺን ላለማድከም ብዬ ነው» ይሉኛል። ለኔ አዝነው ነው፣ አውቃለሁ። ያዘኑልኝን ሰዎች ምን ብዬ ልቆጣ? ቤት ሙሉ ሴት እያለ ካስኩ ሲያጓራ ብቻ እየሰማሁ እውላለሁ።

እትዬ ትደውላለች። አነሳለሁ ብዬ እጄን እሰድና ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ይቆማል። ቂም ይዤባት አይደለም፤ ወይም ይዤባት ይሆናል፣ እኔም አላወቅሁትም። ምርመራው ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ክፉ ነገር ተገኝቶበት «እንኳንም ወጣ» እል ነበር ይሆናል። ወይም ምንም አልነበረበትም ተብዬ የማዝንበትን አውቄ አዝን ነበር። አሁን ግን ልዘን ወይስ ላመስግን? አንዱን ሳልይዝ ከሁለቱም ወጣሁ። ሰው የሞተበት እንኳ ለቅሶ ይደረስለታል፤ ለእኔ ግን ምን ብሎ የሚደርስ አለ?

ስለዚህ ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ካሣ አልጠየቅሁም፣ ሐኪሙም ይቀጣልኝ አላልኩም። የምለምንዎ በመጀመሪያ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የተነሳው አልትራሳውንድ እናንተ ጋ ስላለ፣ ሌላ የማህፀን ሐኪም እንዲያየው ነው። ቀጥሎም «ፈጣኑ» ከዚያ ሐኪም ጋር ሆኖ፣ ኮሪደር ላይ ሳይሆን ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ግድ ነበር፣ ወይም ግድ አልነበረም፣ ወይም አይታወቅም ብሎ እንዲነግረኝ ነው። ሦስተኛው እንደሚከብደኝ አውቃለሁ። ቢሆንም ከሰው አፍ ልስማው፤ እስከ ዛሬ የነገረኝ የራሴ ሐሳብ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ በየቀኑ መልሱን ይቀያይርብኛል።

ሌላው ልመናዬ ለኔ አይደለም። የሰው ገላ በፌስታል አስይዛችሁ አስታማሚን ታክሲ ፍለጋ አትላኩ። ሆስፒታሉ ራሱ ያድርሰው። ያ እስኪሆን ደግሞ የምትሰጠው ነርስ አስታማሚዋን ቁጭ አድርጋ «ይህ የሚመረመረው ለእህትሽ ነው፣ መልሱን የምትጠብቀው እሷ ናት» ትበላት። እትዬ ይህን ሰምታ ቢሆን ኖሮ በእግሯም ቢሆን ታደርሰው ነበር፤ በዚህ እምላለሁ። ከዚህ ማመልከቻ የተነሳ ማንም እሷን ጠርቶ እንዳይጠይቃት፣ እንዳይወቅሳትም አደራ እላለሁ። የወቀስኳት እኔ እበቃለሁ።

ከሐኪሞቹ የምሰማው የትኛውም ቢሆን፣ ከቢሮዎ ወጥቼ ቤቴም ሥራዬም አልሄድም። በቀጥታ እትዬ ጋ ሄጄ አንኳኳለሁ፣ የተባልኩትንም ከኔ አፍ ትሰማለች። ከዚያ ተመልሼ በሩን እንዴት እንደከፈተችልኝ ለእርስዎ ጽፌ አሳውቃለሁ።

አክብሮቴንና ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

(ፊርማ)
አመልካች፦ ከመድኃኒት መደብሩ አጠገብ ያለችው ፀጉር ሠሪ