ፋይሉን ከፍቶ የያዘው ሰው

ለወንድምዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? ሥራውስ፣ ጤናውስ፣ ያ አልለቅ ያለህ ሳልስ? ባለቤትህ ሰላም ናት? ትንሿስ መራመድ ጀመረች ወይስ አሁንም የሶፋውን ጠርዝ ይዛ ነው ጉዞዋ? እኛ ደህና ነን። የእማዬ ጉልበትም ደረጃ እስካልወጣች ድረስ ጸባዩን አሳምሯል።

ለስፌት ቤታችን ሠርተህልን የሄድከው ዳታቤዝ ግን ሰሞኑን ነፍሴን ሊያወጣው ነበር። የደንበኛ ስም ጽፌ ልኩ እስኪመጣ ሰውየው ቆሞ ያዛጋል። ባለፈው ደግሞ የአንዲት አስተማሪ የትከሻ ልክ በነበረበት ቦታ የማይነበብ ምልክት ተደርድሮ አገኘሁ። ክው አልኩ። የሰዉ ሁሉ ልክ እዚያ ውስጥ ነው፤ ትምህርት ሊከፈት ነው፤ የደንብ ልብስ አሰፊው ሊጎርፍብን ነው። እሱ ከጠፋ ሁሉንም እንደ አዲስ መለካት ሊመጣ ነው፤ አባዬ ደግሞ የሜትሩን ቁጥር ማንበብ ካቆመ ቆየ።

ቆራጫችን፣ አንተ «ቀስ በቀስ» ያልከው፣ ዘንድሮ ምን እንደነካው እንጃ ቸኩሏል። ፋይሉን አጠጋግቶ የሚጠግነውን ትእዛዝ በስልክ ካሳየኸው ወዲህ፣ ቤት እንደሚጠረግ በየቀኑ እናድርገው እያለ ጨቀጨቀኝ። እኔ ግን ያልከኝን ይዣለሁ፤ ሲንቀራፈፍ፣ ያለ ቅጥ ሲያብጥ ወይም የመበላሸት ምልክት ሲያሳይ እንጂ ለልማድ አይነካም፤ ሲነካም ኮፒ ይቀመጣል፣ ሁሉም ሰው ይዘጋል። አሁንስ ጊዜው ነው አልኩና ትእዛዙን ሰጠሁ። ኮምፒውተሩ እምቢ አለኝ! ሌላ ሰው ከፍቶታል ይላል።

ቀስ በቀስ ላይ ጮህኩበት። የሱ ኮምፒውተር ለካ ጭራሽ አልበራም፤ ምስኪን፣ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ከዚያ ወደ መተኮሻው ክፍል ገባሁ። እዚያ ያለውን አሮጌ ኮምፒውተር ማንም የሚነካው አይመስለኝም ነበር። የተሸፈነበትን ጨርቅ ሳነሳው በርቷል፤ ፊደሉ አውራ ጣት አክሏል፤ የተከፈተው ያንተ ልክ ነው። ወገብህ ላይ ተጨምሯል፣ ትከሻህ እንዳለ ነው።

አባዬ ነው። ፎቶ በላክህ ቁጥር እያየ፣ እየገመተ ያስተካክልሃል። ጠርቼው መጥቶ ኮምፒውተሩ ፊት ሲቀመጥ፣ ለምን እንደማይዘጋው ጠየቅሁት። ቀና ሳይል፣ «ከዘጋሁት መልሼ የማገኘው አይመስለኝም» አለኝ። 

አጠገቡ ተቀምጬ እንዴት እንደምትገኝ አሳየሁት። ራሱ ዘጋ፣ ራሱ ከፈተ፣ ደጋገመው፤ ከዚያ በቃ ዝጊው አለኝ። ኮፒውን ፍላሽ ላይ አስቀመጥኩና ትእዛዙን ሰጠሁ። እስኪያልቅ ድረስ የወንበሬን መደገፊያ ጨብጦ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። ፋይሉ ቀለለ፤ አሁን ስም ስጽፍ ልኩ ወዲያው ከች ይላል። የአስተማሪዋ ግን አልተመለሰም፤ ደግነቱ ሳቂታ ናት፣ እንደገና ለካናት። አባዬ መጀመሪያ ፈልጊልኝ ያለኝ ያንተን ነው። አለህ።

እማዬ ሳልህን በሙቅ ውሃ ተከታተለው ብላሃለች። ቀስ በቀስ ሰላም ብሎሃል። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፣ ትንሿን ጉንጯን ሳምልኝ።

አባዬ የኮት ጨርቅ ዘርግቶልሃል፤ መቀሱን ግን አላነሳም። በግምት ኮት አይቆረጥም ይላል። ልኬን በስልክ እልካለሁ እንዳትል። ሜትሩን እሱ ይይዛል፣ ቁጥሩን እኔ አነብለታለሁ፤ አንተ ብቻ መጥተህ ቁምልን።

እህትህ
ከስፌት ቤቱ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ
ነሐሴ 3