ሦስተኛውን መስመር ለሰረዙልኝ ኃላፊ

ለተከበሩ የጋራ ወርክሾፓችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ፣ ዓይንዎ፣ በተለይም የመሰረዣውን ቁልፍ የሚጫኑባት ጣትዎ ደህና ናት ወይ? እኔ እንዳለሁ አለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ስለሆነ ለጽሕፈቴ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ሰው ሁሉ እንዲያየው ይህችን ደብዳቤ ወርክሾፑ በር ላይ ለጥፌአለሁ።

አንደኛ፣ ስላጸዱልኝ አመሰግናለሁ። እንጨት የሚቀርጸውን ማሽን የሚያዘው፣ ሊኑክስ በሚባል ፕሮግራም የሚሠራው ኮምፒውተር ሲበራ አራት መስመር ያሳይ ነበር። እያንዳንዱ መስመር አንድ ከርነል ነው፤ ከርነል ማለት፣ ሟች ባለቤቴ እንዳስረዳችኝ፣ ኮምፒውተሩን ከነዕቃው የሚያዝ አስኳል ነው። ሦስተኛውን እሷ በገዛ እጇ ለዚያ ማሽን ብላ ሠራችው፤ የመቅረጫው ክንድ የታዘዘውን ሳይዘገይ እንዲፈጽም። እኔ እንግሊዝኛውን ስለማልረዳ ወደ ታች የሚወስደውን ቁልፍ ሁለቴ ተጭኜ አስነሳው ነበር። ስድስት ዓመት አንድ ቀን አልተሳሳትኩም። እርስዎ ግን «አባባ፣ ቦታው ሞልቷል፤ አዲሱ አንዱ ይበቃል» ብለው ሦስቱን በአንድ ትንፋሽ ጠረጉልኝ።

ሁለተኛ፣ ባለቤቴ ሥርዓት ነበራት። ለየከርነሉ እንዳይምታታ ስም ታወጣለታለች፤ አዲሱ ሳምንት ሙሉ ሳይሠራ ትናንት የሠራውን አትነካም፤ ከመሰረዟ በፊትም ቅጂ ታስቀምጣለች። እርስዎስ ቅጂ አስቀርተው ይሆን ብዬ ብጠይቅዎ ሳቁ። ሳቅዎ ያምራል፣ ጥርስዎ ሙሉ ነው።

ሦስተኛ፣ ያን ቀን ማሽኑ ላይ የነበረው ለመቃብሯ ያዘጋጀሁት ሳንቃ ነው። ሁለት ዓመት በጥላ አድርቄዋለሁ። አዲሱ ከርነልዎ ለሌላ ሥራ ደህና ይሆናል፤ ክንዱን ግን ያንተባትበዋል። የስሟ ሁለተኛ ፊደል ላይ ሲደርስ ቆም አለ፣ ዘለለ፣ የፊደሉን እግር ቆርጦ ሄደ። ስሟን አሳምሬ መጻፍ ስለማልችል ነበር ለማሽኑ የሰጠሁት።

አራተኛ፣ ከርነሉ እንዴት እንደሚሠራ፣ አልነሳ ያለ ኮምፒውተርም እንዴት እንደሚነሳ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በደብተሯ ጽፋዋለች። ትእዛዞቹ አይገቡኝም እንጂ የእንግሊዝኛውን ፊደላት ስም አስተምራኛለች፤ እኔ ልጥራልዎ፣ እርስዎ ይጻፉ ብዬ ሦስቴ ቢሮዎ መጣሁ። አንዴ ስብሰባ ነበሩ። አንዴ ሊወጡ ነበር። በሦስተኛው «በአሮጊት ደብተር የሚሠራ ቢሮ የለንም» አሉኝ። እሷ ብትሰማዎ መልሱን እዚያው ያገኙት ነበር፤ እኔ አፍ ስለሌለኝ ይኸው ጻፍኩ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ሦስተኛው መስመር ይመለስልኝ።

ዝም ባለ ማሽን ፊት ቆሜ፣ አክብሮቴን ግን ሳልሰርዝ፣
ሽማግሌው እንጨት ቀራጭ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልለጥፈው ጸሐፊዎ መጣች። የራስዎ ኮምፒውተር ትናንት አዲስ ከርነል ተጭኖለት ዛሬ ጠዋት አልነሳ አለ አሉ፤ የሚመለሱበት አሮጌም የለም፣ አንዱ ይበቃልና። ደብተሩን ያውሱኝ አለችኝ። ደብተሩ ከእጄ አይወጣም። እርስዎ ግን ይምጡ፣ በርጩማ አዘጋጅቼልዎታለሁ። መጀመሪያ የእኔን፣ ቀጥሎ የእርስዎን። ፊደል በፊደል እጠራልዎታለሁ፤ አንዲት ከዘለልን ከመጀመሪያው እንጀምራለን። እኔ ስብሰባ የለብኝም።