የፊት ቀኙ ጎማ

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ንጋት 11፡40

ሞተሩ እየሞቀ ነው። ዘይት አየሁ። ውሃ አየሁ። አራቱንም ጎማ በእግሬ መታ መታ አደረግሁ። ጠንካራ ናቸው። ግን አላምናቸውም፤ አርብም ጠንካራ ነበሩ።

የአርቡን እስካሁን አልጻፍኩልሽም፣ ማስታወሻዬ። እጄ እንቢ ብሎኝ ነው። ከደ/ታቦር ስወርድ፣ ዓለም በር ሳልደርስ ቁልቁለቱ ላይ ጎማው ፈነዳ። አሥራ ሁለት ሰው ጭኜ። መሪው ታገለኝ። ሚኒባሷ ገደሉን ትታ ወደ ተራራው ተጠጋች። ቆመች። ማንም አልተጫረም። አንዲት ሴት እልል አለች፣ ከዚያ አለቀሰች። ከጎኔ የተቀመጡት የኔታ ዳዊታቸውን አላቋረጡም። እኔ ሞተሩን ማጥፋት አቃተኝ።

በሁለት ወር ሁለተኛው ነው። ሁለቱም አዲስ፣ ሁለቱም የፊት ቀኝ። ለየሺ ቃል ገባሁላት፦ ምክንያቱን እስከ እሁድ ካላገኘሁ መኪናዋን እሸጣለሁ። ሚስቴ ናት፤ ማልቀስ ትችል ነበር፣ አላለቀሰችም። ይሄ ይብሳል።

እጄ ይሆን? ዕድሜ ልኩን የነዳ እጅ ሳይናገር ይደክማል?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ከሰዓት

ጎሚስታው ጌታሰው ዘንድ። የፈነዳውን ጎማ ገለበጠው። በውጭ በኩል ጥርሱ ሙሉ። በውስጥ በኩል ሙልጭ፣ ሽቦው ወጥቷል። እኔ ጎንበስ ብዬ በዚያ በኩል አይቼው አላውቅም።

ጌታሰው ቀልደኛ ነው። «ጋሼ፣ በቴሌቪዥን የሚሽቀዳደሙት መኪኖች ናቸው እንዲህ ልሙጥ ጎማ የሚያስሩ። አንቱ ከማን ጋር ነው የምትሽቀዳደሙት?» ሳቅሁ። ከልቤ ግን አልሳቅሁም። የእነሱ ጎማ ተሠርቶ የሚመጣው ለአንድ ቀን ነው አለ፤ መንገዱን ነክሶ እንዲያልቅ። የእኔ ግን ዓመት ማገልገል ነበረበት።

ከመኪናዋ ሥር ገባ። ከመሪው ወደ ጎማው የሚሄደው ብረት ጎብጧል። ጎማው እንዳኮረፈ ሰው ዞሮ ነው የሚሄደው። አይንከባለልም፣ ይጎተታል፤ ሲጎተት ይፋቃል። ብረቱን ቀየረልኝ። ግን አንድ ነገር በየጊዜው እየመታው ነው አለ፤ ያንን ካላገኘሁ ይሄኛውም ይጎብጣል። ምን እመታለሁ? ምንም። ማልኩለት።

ግማሽ እፎይታ። እጄ አልደከመም። ወይስ የሚመታውን የማያውቅ እጅ ይብሳል?

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። ማታ 1 ሰ.

ሐሙሲት ገበያ ደርሼ መልስ። ጉድጓዱን ሁሉ ሸሸሁ። ከኋላ አንዱ ጮኸ፦ «ሹፌር፣ እንቁላል ነው እንዴ የጫንከው?» ሌላው ተቀበለ፦ «ተወው፣ ሙሽራ ነው የጫነው!» ሳቁብኝ። ምንም አልመታሁም። ምንም አላገኘሁም። ሦስት ቀን ቀረኝ።

አርብ፣ ኅዳር 12። ሚካኤል

አገኘሁት!

ዛሬ ሥራ የለም። ቤተ ክርስቲያን በእግሬ ሄድኩ። በሩ ላይ ድሮ ሰው በቅሎ የሚወጣበት ድንጋይ አለ። የኔታ የዜማ መምህር ናቸው፤ ለማስተማር በየጠዋቱ ዓለም በር ይወርዳሉ፣ ጉልበታቸው ግን አይታጠፍም። ስለዚህ በየጠዋቱ ድንጋዩን አስታክኬ እቆማለሁ፤ እሳቸው ከድንጋዩ በቀጥታ ወደ መኪናዋ ይሻገራሉ። ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው። ባስጠጋሁ ቁጥር እኮራለሁ።

ዛሬ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የጋቢያቸውን ጫፍ አሳዩኝ። ጥቁር። «ልጄ፣ ይህ ድንጋይ ጥላሸት ማውጣት ጀመረ እኮ። ጋቢዬን ጨረሰው።» ጎንበስ አልኩ። በጣቴ ፋቅሁት። ጥላሸት አይደለም። ጎማ ነው። በጎማዬ ቁመት ልክ፣ ተደራርቦ የተለሰነ የገዛ ጎማዬ። ለካ ሳስጠጋ በየጠዋቱ የምመታው እሱን ነው።

ስቄ ስቄ እንባዬ መጣ። የኔታ ተቆጡ፦ «በሽማግሌ ጋቢ ትስቃለህ?»

አልነገርኳቸውም። ምን ብዬ? ለእርስዎ ብዬ አሥራ ሁለት ሰው ልጨርስ ነበር ልበላቸው? ከነገርኳቸውማ ዳግመኛ አይሳፈሩም። በዚያ ጉልበት በእግራቸው ይወርዳሉ።

እሁድ፣ ኅዳር 14

ለየሺ ሁሉንም ነገርኳት። ድንጋዩን፣ ጋቢውን። ከድንጋዩ ርቄ እንደምቆም አስረዳሁ። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የኔታ ታዲያ በምን ይወጣሉ? አላሰብኩበትም። ስለ መሸጡ አላነሳችም። እኔም አላነሳሁም። ቀኑ መሸ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15። ንጋት 11፡40

ሞተሩ እየሞቀ ነው። ዘይት፣ ውሃ። ጎማዎቹን በእግሬ አልመታሁም፤ በደረቴ ተኝቼ በውስጥ በኩል በባትሪ አየኋቸው። ጥርሳቸው ሙሉ ነው።

የሺ አሁን ወጣች። የምትቀመጥበትን የእንጨት ዱካ ይዛለች፤ ከእናቷ ቤት ያመጣችውን፣ ለማንም የማታውሰውን። ከወንበሬ ሥር አስገባችው። ለየኔታ መወጣጫ ነው አለች። በሩን ዘጋችልኝ፣ በመስኮቱ ጎንበስ አለች።

«ማታ ግን ዱካዬን እፈልገዋለሁ። ራስህ ታመጣልኛለህ።»

አልሸጣትም። የኔታ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ይጠብቁኛል፣ ልሂድ።