ቅጠሏን ያስቀመጠችው እጅ

ሐሙስ፣ ሰኔ 11 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ድንቢጤ፣ የእናትሽ ዓይን፣

ሌላ ጊዜ ስጽፍልሽ «ጤናሽ እንዴት ነው?» እልና መልሱን እንኳ ሳልጠብቅ ወደ ወሬዬ እሮጥ ነበር። ዛሬ ግን ያቺ ጥያቄ ከብዕሩ አልወጣ ብላኝ ይኸው ሻዬን አቀዘቀዝኩት። ስለዚህ መጀመሪያ ወሬውን ልንገርሽ፣ ወደ እሷ እመለሳለሁ። በስልክ ያልነገርኩሽ ድምፄ እንደሚያሳብቅብኝ ስለማውቅ ነው። አንቺ ደግሞ አንዴ «እማዬ፣ ምን ሆነሻል?» ማለት ከጀመርሽ መች ትለቂኛለሽ!

ፊልሙን አየነው። «ምግብ ቤታችን ውስጥ ፊልም ሠሩ፤ ተዋናይቷ ቢላ መያዝ ስላቃታት በእሷ ፈንታ እጄን አነሱት» ብለሽ ከነገርሽኝ ቀን ጀምሮ ላውንደሪ ቤት ውስጥ ያልለፈፍኩለት ሰው የለም። ለአጣቢዎቹ ነገርኩ፣ ለልብስ ተኳሾቹ ነገርኩ፣ አንሶላ ሊያደርስ ለሚመጣው ሾፌር ሳይቀር ነገርኩ። አፌ መቼም ታውቂዋለሽ። በመጨረሻ እጅሽን ብቻ ሳይሆን ፊልሙን በሙሉ አንቺ የሠራሽው አስመሰልኩትና ቅዳሜ ከሥራ በኋላ አለቃችንን፣ አክስትሽንና ወንድምሽን ጨምሮ ሲኒማ ቤት አንድ ረድፍ ሞልተን ገባን።

ወይ ጉድ! እንዲህ ያለ ፊልም ዕድሜዬን አይቼ አላውቅም። የምግብ ቤቱ ባለቤት ይጮኻል፣ ሼፏ ታለቅሳለች፣ ያ ጋዜጣ ላይ ስለ ምግብ የሚጽፈው ሰውዬ አፍንጫውን ነፍቶ ይቀመጣል። ከዚያ ባለቤቱ እንደገና ይጮኻል። ትሪ የሚያህል ሳህን ይመጣና መሀሉ ላይ የሕፃን ጥርስ የምታህል ምግብ ቁጭ ብላለች፣ እሷንም ሳይበሏት ይጣላሉ። አክስትሽ ቢቸግራት «ኧረ መጀመሪያ ብሉ፣ ከዚያ ትደባደባላችሁ!» ብላ ጮኸች። አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ፊልም ውስጥ ያሳቀን እሷ ብቻ ናት፣ እሷም ወዲያው ተኛች። መጨረሻ ላይ ሁሉም ተቃቅፈው ታረቁ። ለምን እንደታረቁ እኔ አልገባኝም፣ እነሱም የገባቸው አልመሰለኝም። ወንድምሽ «እማዬ፣ ምግብ ቤት ገብቼ እንዲህ ተርቤ ወጥቼ አላውቅም» አለኝ።

ሰዎቼ ይሉኝታ ይዟቸው «እጇ ግን ያምራል» እያሉኝ ተበተኑ። ሁሉም ቅር ብሎት ነው የሄደው። እኔ ግን ቅር መሰኘቱ አልደረሰኝም፣ ምክንያቱም ፈርቼ ነበር። አሁንም እንደፈራሁ ነው የምጽፍልሽ።

ቦታዋን አንቺው ታውቂያታለሽ። ሼፏ ለጋዜጣው ሰውዬ የመጨረሻውን ሳህን ስታዘጋጅ፣ ተዋናይቷ ፊቷን አቀረቀረችና እጁ ያንቺ ሆነ። ሸራውን ሞላው። ትንሽ ልጅ ሆነሽ ከካውያዬ ጋር ስትጣዪ አንጓሽ ላይ የቀረችው ጠባሳ እዚያ በር አክላ ታየችኝና «ይቺውና ልጄ!» ብዬ የአክስትሽን ጭን በጥፊ አልኩት። በወረንጦ አንዲት ትንሽ ቅጠል ይዘሻል። ሳህኑ ላይ ልታሳርፊያት ዝቅ አደረግሻት። ያኔ ትንሿ ጣትሽ፣ ማንም ሳይነካት፣ ወደ መዳፍሽ ታጠፈች። ቅጠሏ ተንቀጠቀጠች። ቆም አልሽ፣ ጠበቅሽ፣ ከዚያ ቀስ ብለሽ አስቀመጥሻት።

በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል ሰው ትንፋሹን የያዘው እዚያች ላይ ብቻ ነው። አለቃችን ከኋላዬ ጎንበስ ብሎ «ልጅሽ በእጇ ትተውናለች እኮ!» አለኝ። ፊልሙ ሲያልቅ ወንድምሽ ነው ደግፎ ያስነሳኝ። «እግሬን ደንዝዞኝ ነው» አልኩት።

ድንቢጤ፣ አባትሽን እንዴት እንደጀመረው ታስታውሻለሽ? እኔ አልረሳውም። የሰው ሱሪ እየሰፋ ትንሿ ጣቱ ሳያዛት ታጠፈች። «ደክሟት ነው» ብለን ሳቅንባት። ከዚያ መርፌ መጣል ጀመረ፣ ከዚያ ማንኪያ፣ ኋላማ የእናንተን ስም መጥራት እንኳ ምላሱ እምቢ አለችው። ሐኪሙ ያኔ «ከልጆቹ የሚወርሰው ሊኖር ይችላል፣ ላይኖርም ይችላል፤ ሲያድጉ ይመርመሩ» ብሎን ነበር። አንቺ አድገሽ ወደ ውጭ አገር ስትሄጂ «አልመረመርም እማዬ፣ እጄ እስከታዘዘኝ ልሥራበት» አልሽኝ። እኔም እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። ማወቅ ያስፈራኝ ነበር፣ አሁንም ያስፈራኛል።

ያን ቀን ቤት ገብተን ሻይ ሳፈላ ዓይኔ ከወንድምሽ እጅ ላይ አልነቀል አለ። እሱ እቴ፣ ምኑም ሳይገባው፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ ስልክ ፈታትቶ ከምስር የሚያንሱ ብሎኖች በጣቱ እያነሳ ፊልሙን ያማል። አንዷ ብሎን አመለጠችውና ወለሉ ላይ ተንከባለለች። እኔ ብርጭቆ ይዤ ደርቄ ቀረሁ።

«ምን ታፈጫለሽ፣ እማዬ?»

«ጥፍርህን ቁረጥ፣ ምነው እንደ ድመት!» አልኩት።

እሱ እየሳቀ ብሎኗን አነሳት፣ ደህና አድርጎም መለሳት። እኔ ግን ጓዳ ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ። በአንድ ልጅ መፍራት አይበቃኝም መሰለሽ?

ከዚያ ራሴን ማታለል ጀመርኩ። «የአሮጊት ዓይን ነው» አልኩ። «መብራቱ ነው፣ ፊልም ሠሪዎቹ የሰውን ልብ ለመስቀል ሲሉ አንቀጥቅጪው ብለዋት ነው» አልኩ። ልቤ አልቆረጠልኝም። ማክሰኞ ለአለቃዬ ጥርሴን አሞኛል ብዬ ብቻዬን ተመልሼ ሄድኩ። ትኬት የምትሸጠዋ ልጅ አይታኝ ዓይኗን አፈጠጠች።

«እማማ፣ ቅዳሜ መጥተው አልነበር?»

«መጥቻለሁ።»

«ይሄንን ፊልም ሁለቴ ያየ ሰው እስካሁን የለም። እኛ እንኳ አልጨረስነውም። ምኑን ወደዱት?»

«ቅጠል የምታስቀምጥበትን» አልኳት። ታማለች ብላ ይሆናል፣ በነፃ አስገባችኝ።

አዳራሹ ውስጥ እኔና አንድ የሚያንኮራፋ ሽማግሌ ብቻ ነበርን። ያ ባለቤት እስኪበቃው ጮኸ። እኔ ስትደርሺ እንዳታመልጪኝ ከወንበሬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። በዚህኛው ጊዜ ግን ጣትሽን ብቻ አላየሁም። በግራ እጅሽ ፎጣ ይዘሻል። አባትሽ ቢሆን ያንን ፎጣ እጁ ላይ ጣል ያደርገው ነበር። ስንት ወር ሙሉ እጁን በሚሰፋው ጨርቅ ሥር እየደበቀ እኔን ሚስቱን አታሎኛል። አንቺ ግን ፎጣውን ወደ ጎን አደረግሽው። እጅሽን መብራቱ ሥር እንደተዘረጋ ተውሽው። «አንዷን ነገር አሥር ጊዜ እያሠሩ ነው የሚያነሱት» ብለሽኝ የለ? እንዲታይ ባትፈልጊ «አንድ ጊዜ ልድገመው» ማለት ምን ይከብድሽ ነበር?

ያኔ ነው በስልክ ያልሽኝ ትዝ ያለኝ። «እማዬ፣ እጄን ብቻ እዪልኝ፤ ሌላው አይረባም።» እኔ ሞኟ ትሕትና መስሎኝ «አይ የኔ ልጅ፣ ሁሉንም ነው የማየው!» ብዬ ስቄብሻለሁ። አንቺም ሳቅሽ። ከሳቅሽ በኋላ ዝም አልሽ። ያቺ ዝምታ የመስመሩ መስላኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልኩ።

አየሁልሽ፣ ልጄ። በአፍሽ መናገር ካቃተሽ አትናገሪው። አይቼዋለሁ።

ስህተት እንዲሆን ምን ያህል እንደምመኝ እግዜር ያውቃል። ደክሟት ነው የታጠፈችው በሉኝና ይሄን ደብዳቤ ዕድሜ ልክ ሳቁብኝ። ሐኪሙ ግን ይየው። ብቻሽን አትሂጂ፣ ብቻሽን እንዳትሰሚው። የፓስፖርት ነገር ጀምሬያለሁ። ለወንድምሽ «ልጄ ናፈቀችኝ» ነው ያልኩት፣ ውሸትም አይደለም። የቀረውን ከአንቺ ጋር ተመካክረን አብረን እንነግረዋለን፤ እሱም የራሱ ጉዳይ ነውና ደብቀነው አንዘልቅም። እስከዚያ ትልቁን ቢላ ለሌላ ሰው ስጪ። ኩራትሽን አውቀዋለሁ፣ ግን ስጪ።

ምን ልትሠሪልኝ ትመጪያለሽ እንዳትዪኝ። ይሄ የማውቀው ሥራ ነው። አባትሽ ጨርቅ ላይ በጠመኔ የሚያሰምረው መስመር ሲጣመም፣ እሱ ዞር ሲል በካውያው ጠርዝ እያቃናሁ ነበር የማስቆርጠው። ማንም ደንበኛ አላወቀም። እሱ ያውቅ ነበር፣ እያወቀ ዝም ይለኝ ነበር። ከአንቺ ጋር ግን ዝም መባባል አልፈልግም፣ አንዴ ይበቃኛል።

አሁን ያቺን ጥያቄ ልጠይቅሽ። ጤናሽ እንዴት ነው?

መልሱን በስልክ አልፈልግም፣ በስልክ አንቺም እኔም እንዋሻለን። ጻፊልኝ። ጓደኛሽ አትጻፍልሽ፣ በማሽንም እንዳይሆን። በራስሽ እጅ፣ አንዲት መስመር ትበቃኛለች። ፊደሉ ቢጣመም፣ አንዱ ባንዱ ላይ ቢወድቅ፣ ከወረቀቱ ቢወጣም ግድ የለኝም። አነበዋለሁ። የጠማማ መስመር አንባቢ ነኝ።

ማን እንደ አንቺ ያበስላል ብዬ ከእጅሽ በበላሁ ቁጥር የምመርቅሽ ምርቃት ነበረችኝ። እንደ ቀልድ፣ አፌን እየጠረግሁ ነበር የምላት። ዛሬ ቆሜ፣ እየፈራሁ፣ አንድ በአንድ እየቆጠርኩ ነው የምላት፦ እጅሽን ቁርጥማት አይንካው። ልጄ፣ እጅሽን ምንም አይንካው።

የምትመጣልሽ፣
እናትሽ