ከራሱ የጠቆረው ድንች

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እጅሽ የነካው ሁሉ ይቃናልሽ፤ ክፉ አይይሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቱ ተሽሎት ደረጃውን ያለ ደጋፊ መውጣት ጀምሯል።

እኔ ግን ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲህ ክው ብዬ ቀርቻለሁ። የምትመራመሪበት፣ ድንቹ ውስጥ በተፈጥሮ ያለው ኢንዛይም መዳብ አለበት፤ የተቆረጠ ድንች አየር ሲያገኘው የሚያጠቁረውም እሱ ነው ብለሻል። አላመንኩሽም። አንድ ድንች በፕላስቲክ ቢላ ለሁለት ከፍዬ ጠረጴዛ ላይ ተውኩት። ምሳ ሳይደርስ ጠቆረ። እጄን በአፌ ጫንኩ።

የሆስፒታሉ ወጥ ቤት ኃላፊ ሳለሁ ድንች ትልጥልን የነበረችውን ቀጭን ሴት ታስታውሻለሽ? ከትምህርት ቤት ስትመጪ የተቀቀለ ድንች በጨው የምታቀምስሽን? "በዛገ ቢላ እየላጥሽ ለበሽተኛ ጥቁር ድንች ታቀርቢያለሽ" ብዬ ያባረርኳት እኔ ነኝ። "እትዬ፣ ከራሱ ነው የጠቆረው" አለችኝ። "ድንች ከራሱ ይጠቁራል? አታፍሪም?" አልኳት፣ ያውም ሠራተኛው ሁሉ ፊት። ሽርጧን አጣጥፋ አስቀምጣ ወጣች። አንቺ ባሕር ማዶ ስንት ዓመት የደከምሽበትን፣ እሷ ያኔ በአንድ ቃል ነግራኝ ነበር።

አሁን ከገበያው ጀርባ ልብስ ትሰፋለች አሉ። ትናንት ሄጄ ሳላንኳኳ ከደጇ ተመለስኩ። ነገ ድንችና የፕላስቲክ ቢላ ይዤ እሄዳለሁ። በሩን ከከፈተችልኝ ድንቹን ፊት ለፊቷ ቆርጬ እስኪጠቁር ቁጭ እላለሁ። አንቺም እባክሽ ጸልዪልኝ።

በሄድሽበት ሞገስ ይስጥሽ ልጄ። እንደ እኔ ካለች አለቃም ይሰውርሽ።

እናትሽ