የቄስ አፈወርቅ እግር

መንዝ፣ ጥር 2003 ዓ.ም.

እስከዳርዬ፣ ባና ተከናንቤ ነው የምጽፍልሽ፤ ብርዱም ሥራውም አድክሞኛል።

ቄስ አፈወርቅ የሚባሉ አባት የቤተ ክርስቲያናቸውን አጥር ሲጠግኑ ካቡ ተንዶ ቅልጥማቸውን ሰበራቸው። እኛ አዲስ አበባ አምቡላንስ ዘገየ ብለን እንጮኻለን፤ እሳቸውን ግን የአገሩ ሰው በቃሬዛ እየተፈራረቀ፣ ገደሉን አውጥቶ እኔ የምሠራበት ሆስፒታል አደረሳቸው። እግራቸው አብጦ ጠጥሯል፤ በጡንቻው ውስጥ ያለው ግፊት ደም እየከለከለው ነበር። የለመድነው ሕክምና ቆዳውን ሰንጥቆ ማስተንፈስ ነው፤ አሁን ለጥናት የምንሞክረው ደግሞ ፈሳሹን በቀጭን ቱቦ መምጠጥ። የትኛው እንደሚደርሳቸው በዕጣ እንደሚለይ ስነግራቸው፣ «ሐዋርያው ማትያስስ በዕጣ አይደል የተመረጠ?» ብለው ፈቀዱ። ቱቦው ደረሳቸው።

ግፊቱ መጀመሪያ ሲወርድ ደስ አለኝ። ከሰዓት በኋላ ግን ተመልሶ ወጣ፤ የእግር ጣቶቻቸውም ደነዘዙ። ሮጠን ሰነጠቅነው። ባለቤታቸው እማማ ጥሩሸዋ፣ «ምነው መጀመሪያውኑ በሰነጠቃችሁት?» አሉኝ።

ዛሬ ጠዋት ቄሱ የእግራቸውን አውራ ጣት አነቃነቁ። እግራቸው ተርፏል።

«ቱቦው አልሠራልኝም አይደል፣ ልጄ?» አሉኝ።

«አልሠራም፣ አባቴ።»

«እንግዲያው አልሠራም ብለሽ ጻፊ። እንዳታሳምሪው።»

እንዳሉኝ በጥናቱ መዝገብ ላይ ጽፌ መቀመጤ ነው። ፖስታ ካርዱም ሞላብኝ፤ ወንድምአገኝን ሰላም በይልኝ፣ የእትዬ ወሰንየለሽን ጉልበት ሳሚልኝ። አንቺን ግን ራሴ መጥቼ እስምሻለሁ፣ እንቅልፌን ከጠገብኩ በኋላ።

ምሥራቅ