በር የሌለው ቁም ሣጥን

ማርች 3፣ ሰኞ

ዝናብ። ኮሪደሩ ላይ የመጽሐፍ ካርቶን አደናቀፈኝ፤ ጉልበቴ ተላጠ። ለቺያኪ በስልክ ነገርኳት። ከኦሳካ ሆና ጮኸችብኝ። "እማ፣ አንቺ እኮ መጋዘን ውስጥ ነው የምትኖሪው! ቅዳሜ ሜትር ይዤ እመጣለሁ።" ልጄ ሜትር ከያዘች የሚያቆማት የለም።

ማርች 8፣ ቅዳሜ

መጣች። ቤቱን ከዳር እስከ ዳር ለካችው። እኔንም ለካችኝ... ስቀመጥ ክርኔ የት እንደሚደርስ። ከዚያ የኋላ ክፍል ገብታ ግድግዳው ውስጥ የተሠራውን የፍራሽ ማስቀመጫ ቁም ሣጥን ተንሸራታች በር በአንድ እጇ ገፋችው።

"ይኸው! የቤቱ ትልቁ ባዶ ቦታ። የአባባ ፍራሽ ከወጣ ግማሹ ምን ይሠራል? መሃሉ ላይ ያለው መደርደሪያ ቁመቱ ልክ የጠረጴዛ ነው። በሮቹን እናንሳ፣ መብራት እናስገባ፣ መጽሐፎችሽ ከኋላ ይደርደሩ።"

"አይሆንም። ይደፈን። ግድግዳ ይሁን።"

"እማ! ቦታ ጠበበኝ የሚል ሰው ቦታ ይደፍናል?"

ዓሣው ሊያርርብኝ ነው ብዬ ወጣሁ። ምድጃው ገና አልተለኮሰም ነበር።

ማርች 9

ለራሴ እንኳ ጽፌው አላውቅም። ልጻፈው።

ቺያኪ አምስት ዓመቷ ነበር። የቤተ መጻሕፍት መጽሐፌ ላይ ቀለም ደፋች። እዚያ ቁም ሣጥን ውስጥ ዘጋሁባት። ያኔ የሰፈሩ እናት ሁሉ ያደርገው ነበር... ለአምስት ደቂቃ። ገጾቹን በጨርቅ እያደረቅሁ አንድ መስመር አነበብኩ። ከዚያ ሌላ። በአሥራ አምስት ዓመቴ ትምህርት አቋርጬ ፋብሪካ ስለገባሁ መጽሐፍ ሁሌም ይርበኝ ነበር። ሰበብ ነው? ነው።

ባለቤቴ ለእራት ሲገባ "ልጅቷስ?" አለ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ጨለማ ውስጥ ነበረች።

እሱ ከፈተላት። እስኪሞት አንድም ቀን አላነሳብኝም። ቢያነሳብኝ ይሻል ነበር።

ማርች 14

ቺያኪ ያስጠራችው አናጢ አቶ ኦጋታ በር ላይ ያዘኝ። "እትዬ ሺዙኤ፣ ልጅዎ ጠረጴዛ ትላለች፣ እርስዎ ግድግዳ። እኔ የየትኛውን እንጨት ልግዛ?"

"ነገ ልንገርዎት።"

"ነገማ መጋዜን ይዤ ነው የምመጣው። መጋዝ ሽማግሌ አይደለም፣ አያስታርቅም።"

ቺያኪ ረስታው ከሆነ ለምን አስታውሳታለሁ? ካልረሳችስ...?

ማርች 15፣ ቅዳሜ

አቶ ኦጋታ የቁም ሣጥኑን በር ከሐዲዱ ሊያነሳ ጎንበስ ሲል አፌ ተከፈተ።

"ቺያኪ... እዚህ ውስጥ ዘግቼብሽ ረስቼሽ ነበር።"

"አውቃለሁ፣ እማ።" ሜትሯን ጠቀለለች። "አባባ ሲከፍት ከኋላው ቆመሽ ነበር። ጣትሽ መጽሐፉ ውስጥ ነበር። ያቆምሽበት እንዳይጠፋሽ።"

ጣቴን... ይህን አላስታውስም ነበር።

"ይቅር በይኝ።"

ሜትሯን ኪሷ ከተተች። እኔ የሳር ምንጣፉን ጠርዝ አየሁ።

"ሠላሳ አራት ዓመት ፈጀብሽ" አለች። "ለካ ስታነቢ ቀስ ብለሽ ነው።" አፍንጫዋ ቀልቶ ትስቃለች። እኔም ሳቅኩ፣ እንባዬን እየጠረግሁ።

አቶ ኦጋታ በሩን እንደታቀፈ፣ "እንግዲህ እኔ ልውጣ ወይስ በሩ ይውጣ?"

"በሩ!" አልን፣ እኩል።

ማርች 22

አለቀ! ግራው ጠረጴዛ፣ ክርኔ ልክ ያርፍበታል። በቀኝ በኩል መደርደሪያው ተነስቶ ታች ለአንድ ሰው መቀመጫ ወጣለት። የጥዱ ሽታ! ካርቶን የሚባል የለም። ኮሪደሩ ላይ እጆቼን ዘርግቼ ሁለቴ ተመላለስኩ። ደግነቱ ማንም አላየኝም።

ማርች 30፣ እሑድ

ቺያኪ ሳትነግረኝ መጣች። ትራስና መጽሐፍ ይዛ፣ ያለ ምንም ቃል፣ ቀኙ ውስጥ ገባች። እግሯ አልበቃ ብሎ ውጪ ቀረ። "ምነው አምስት ዓመቴ በሆነ!" እያለች አጉረመረመች። እኔ በግራ፣ እሷ በቀኝ። ከሰዓቱን በሙሉ አነበብን።

መምሸት ሲጀምር ታሪኩ ጦፎ ነበር። ገጹ እንኳ አላለቀልኝም።

መጽሐፉን ዘጋሁት። ጣቴንም አላስገባሁም።

"ቺያኪ፣ ነይ እራት።"